ስለ ፖስታ ቤቱ እኛም እንጠየቅ



ደብዳቤ ጽፎ ቴምብር ለጥፎ የሚልክ ተማሪ ዛሬ በግቢያችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ሰላምታው በቴሌግራም፣ ገንዘቡ በሞባይል፣ ማመልከቻው በኢሜይል ሆኗል። ስለዚህ «የፖስታ አገልግሎት የወደፊት ዕጣ» የሚባል ርዕስ ሲነሳ ብዙዎቻችን የአያቶቻችን ጉዳይ ነው ብለን ገጹን እናልፈዋለን። እኔ ግን ጉዳዩ ከማንም በላይ ተማሪን ይመለከታል እላለሁ። ስለ ፖስታ ቤቱ ነገ አንድ ነገር መወሰኑ አይቀርም፤ ሲወሰን ሕዝብ ተጠይቆ ይሁን፣ የሚጠየቀው ሕዝብም አዲስ አበባ ያለው ብቻ አይሁን። በበኩላችንም ስንጠየቅ የምንመልሰው ነገር ይኑረን።

ተማሪን ለምን ያገባዋል?

ተመርቆ የወጣን ሰው ጠይቁ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ በእጁ አይሰጥም፤ በሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ወደ ጠያቂው ተቋም ይላካል። ለማስተርስ የሚያመለክት፣ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያገኘ፣ ሥራ የሚቀጠር ሰው ሁሉ የአራትና የአምስት ዓመት ልፋቱ በአንድ ፖስታ ውስጥ ሆኖ በሌላ ሰው እጅ ይጓዛል። ፖስታው ከዘገየ የማመልከቻው ቀን ያልፋል፤ ከጠፋም እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ፓስፖርትን በፖስታ ቤት በኩል መረከብ ከተለመደ ቆይቷል። የፋይዳ ካርድም በኢትዮጵያ ፖስታ በኩል እየታተመ ይሰራጫል። እንግዲህ ደብዳቤ ቀርቷል ስንል የቀረው የናፍቆት ደብዳቤ እንጂ ማንነታችንን የሚመሰክረው ወረቀት አይደለም።

ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ጅልባብ፣ ኪታብና ሽቶ እየሸጡ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ እህቶች አሉ። ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣው በአውቶቡስ ሾፌር ወይም በሚመጣ ሰው ነው። ደረሰኝ የለውም፤ ቢጠፋ የሚጠየቅ ተቋም የለም፤ ዋጋውም እንደ ድርድሩ ነው። ወደ ማይጨው ወይም ወደ ዓብይ ዓዲ መላክ የፈለገች ደግሞ ሰው እስኪገኝ ትጠብቃለች። በተመጣጣኝ ዋጋ፣ በታወቀ ቀን፣ በደረሰኝ የሚያደርስ ፖስታ ቢኖር የእነዚህ እህቶች ሥራ ምን ያህል እንደሚሰፋ ማሰብ ነው።

በሌላው ዓለም ምን እየሆነ ነው?

የፖስታ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1624 ጀምሮ የነበረው የመንግሥት ፖስታ ደብዳቤ ማደሉን በ2025 መጨረሻ አቆመ፤ በየመንገዱ የቆሙት 1,500 ያህል ቀይ ሣጥኖችም ተነሱ። በ25 ዓመት ውስጥ የደብዳቤው ብዛት ከ90 በመቶ በላይ ስለቀነሰ ነው። ዴንማርክ ግን እያንዳንዱ ቤት አድራሻ ያለው፣ ዜጋው ሁሉ ማለት ይቻላል የመንግሥትን መልእክት በዲጂታል ሣጥኑ የሚቀበልበት አገር ነው። እዚያ እንኳ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሄደች። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የፖስታን የወደፊት አማራጮች ዘርዝሮ ሕዝቡን ጠየቀ። ደብዳቤ በሳምንት ስድስት ቀን ይታደል ወይስ አምስት ወይስ ሦስት? እያንዳንዱ አማራጭ ስንት ያድናል፣ ማንን ይጎዳል? በ2025 መጀመሪያ የራሱን ሐሳብ አቅርቦ እንደገና ጠየቀ፤ በጁላይ 2025 ወሰነ። አንደኛ ማዕረግ ደብዳቤ ስድስቱን ቀን እንዲቀጥል፣ ሁለተኛው ማዕረግ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ቀን እየዘለለ እንዲታደል ተደረገ። በውሳኔው ያልተደሰተ ብዙ ነው። ሆኖም ማንም ሰው በማን፣ ለምን፣ በምን ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደተወሰነ አንብቦ መቃወም ይችላል።

ከዚህ የምንወስደው የእንግሊዝን ውሳኔ አይደለም፤ እነሱ የሚከራከሩት ቤት ድረስ በሚመጣ ደብዳቤ ላይ ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ፖስተኛ ቤት ድረስ አይመጣም። የምንወስደው የአጠያየቁን ሥርዓት ነው።

እኛ ዘንድ ያለው

የኢትዮጵያ ፖስታ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ኅብረቱ አባል አገሮች በግዛታቸው ላሉ ሰዎች ሁሉ መሠረታዊ የፖስታ አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያዳርሱ ያስገድዳል። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም የኅብረቱ ልዩ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ይህ ማለት ፖስታ ለመንግሥት እንደማንኛውም ሱቅ ሲያዋጣ የሚከፈት፣ ሳያዋጣ የሚዘጋ ቤት አይደለም። ግዴታ ነው።

ፖስታና ቴሌ በአንድ ወቅት በአንድ ጥላ ሥር ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም መንገዳቸው ተለያየ። ቴሌ የደረሰበትን ሁላችንም እናያለን፤ ሁለተኛ ኩባንያ ገብቶበታል፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ድርሻው አንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ለሽያጭ ቀርቧል። በዚያ ሂደት ውስጥ ረቂቅ መመሪያዎች ለአስተያየት ይፋ ተደርገዋል፣ ጋዜጦች ተከራክረዋል፣ ምሁራን ጽፈዋል። ስለ ፖስታ ግን በሻይ ቤት የሚከራከር ሰው የለም። ጸጥታው ደግሞ አደገኛ ነው፤ ማንም ስለማይከታተለው ነገር ውሳኔ ማሳለፍ ቀላል ነውና።

ሕጉ ግን አለ። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቴሌኮምን ብቻ ሳይሆን ፖስታንም እንዲቆጣጠር ሥልጣን ተሰጥቶታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዝዛል። ስለዚህ «ጠይቁን» ማለት ልመና አይደለም፤ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ መብት ነው። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዱናል።

ከተዘጋው ዘመን የተማርነው

መቐለ ሆኖ ስለ ፖስታ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ በተለይም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ባንክና መንገድ ተዘጉ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ወራት ጠበቀ። እዚህ ያለች እናት ደግሞ ልጇ የት እንደደረሰ የምትሰማው የሚያልፍ ሰው ከተገኘ ብቻ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት መሠረታዊ አገልግሎቶች እንዲመለሱ ደነገገ። መብራት ተመለሰ፣ ስልክ ተመለሰ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን መቐለ አረፈ። ያን ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው የታየውን ለቅሶና መተቃቀፍ ያላየ የለም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ግንኙነት ከእህልና ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚመጣ የሰው ልጅ ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንድ መስመር ብቻ ላይ መንጠልጠል አደጋ አለው። አንዳንድ ሰው «ፖስታ ቢጠነክር ኖሮ ያኔ ያገለግለን ነበር» ሲል እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ መንገድ ሲዘጋ ፖስታም አብሮ ይዘጋል። ነገር ግን ስለ ፖስታ የሚወጣ ማንኛውም አዲስ ደንብ በአደጋ ጊዜ የቤተሰብ መልእክት እንዴት እንደሚያልፍ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ በየቅርንጫፉ የተያዘ ፖስታ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ከችግሩ በኋላም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ አስቀድሞ መጻፍ ይችላል። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን ክፍት በሆነ አጭር ደብዳቤ ሲያገናኝ ኖሯል። ለዚህ ዓይነቱ መልእክት የአገር ፖስታ ድርሻ ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ከመቐለ ሕዝብ በላይ ሊመልሰው የሚችል የለም። ለዚህ ነው የምክክሩ መድረክ አዲስ አበባ ላይ ብቻ መቆም የለበትም የምለው።

ደብዳቤ አደራ ነው

ፖስታ ቤት ስንሄድ በመዝገብ ቁጥር የሚላከውን ደብዳቤ «አደራ ደብዳቤ» እንለዋለን። ቃሉን ያወጣው ሰው ሥራውን በደንብ ገብቶታል። አማና የሚባለውን ነገር እኛ በሌላ ጉዳይ ስንማረው ኖረናል፤ ፖስታ ግን አማና በየቀኑ በሺዎች እጅ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ላኪው ተቀባዩን አያየውም፣ ፖስተኛው ውስጡን አያውቀውም፣ ሦስቱንም የሚያስተሳስራቸው እምነት ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ታሪክ አይደለም። ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለነገሥታት ደብዳቤ ሲልኩ፣ ወደ ሐበሻው ነጃሺ የተላከውን ይዞ የመጣው አምር ኢብን ኡመያ አድ-ደምሪ (ረ.ዐ) እንደነበር የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አይቀበሉም ሲባሉም ማኅተም ያለበት የብር ቀለበት አሠሩ። ከዚያ በኋላ በሙዓውያ (ረ.ዐ) ዘመን በሪድ የሚባለው የፖስታ ሥርዓት ተደራጀ፤ ዐረቦች ዛሬም ፖስታን በሪድ ይሉታል። ከእኛ በስተሰሜን፣ ውቅሮን አልፎ ባለው ነጋሽ የሚኖሩ ሰዎች ደብዳቤ ወደ ምድራቸው የመጣበትን ዘመን በኩራት ያስታውሳሉ። ዛሬ ግን ከነጋሽ ወደ ጅማ አንድ ጥቅል መላክ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፖስታ ቤትን ሳይሆን የሚሄድ ሰውን ነው።

«ለግሉ ዘርፍ ይተው» ለሚሉ

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው። መንግሥት ገንዘብ የለውም፣ የግል ድርጅቶች ይፈጥናሉ፣ ታዲያ ለምን እንቸገራለን? እኔ ውድድርን አልጠላም። ከአዲስ አበባ መቐለ በአንድ ቀን የሚያደርስ የግል ድርጅት ቢኖር ደስ ይለኛል። ነገር ግን የግል ድርጅት የሚሄደው የሚያዋጣው ቦታ ነው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቐለ ያዋጣሉ። ሽረ በመጠለያ ላለች ተፈናቃይ እናት የልጇን ሰነድ ማድረስ አያዋጣም። የፖስታ ዋና ሐሳብ ደግሞ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ቅርብም ሩቅም ቢሄድ አንድ ዋጋ መሆኑ ነው፤ ከሚያዋጣው መስመር የተገኘው ትርፍ የማያዋጣውን ይሸፍናል። የሚያዋጣውን መስመር ሁሉ ሌላው ከወሰደው ለፖስታ የሚቀረው ኪሳራው ብቻ ነው። ከዚያ «ፖስታ ከሰረ» ብለን እንፈርድበታለን።

ወደ ግል ማዞር በራሱ መድኃኒት እንዳልሆነም የእንግሊዝ ነገር ያሳያል። ሮያል ሜይል እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ዞረ፤ በዲሴምበር 2024 ደብዳቤዎችን በጊዜ ባለማድረሱ 10.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ልዩነቱ ግን የሚቀጣ ተቆጣጣሪና የታወቀ መለኪያ መኖሩ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ማን ይሁን ከሚለው በፊት ግዴታው ምንድን ነው፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ሲጓደል ማን ይጠየቃል የሚሉትን ማስቀደም ይሻላል። ሦስቱንም ሕዝብ ሊጠየቅባቸው ይገባል።

ብንጠየቅ ምን እንላለን?

ባዶ እጃችንን እንዳንቀርብ፣ ለውይይት መነሻ የሚሆኑ አምስት ነጥቦች እነሆ።

አንደኛ፣ አድራሻ። ዩኒቨርሲቲያችን የፖስታ ሣጥን አለው፤ በሺዎች የምንቆጠረው ተማሪዎች ግን የየግላችን የለንም። ኬንያ የሞባይል ስልክ ቁጥርን ወደ ፖስታ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት ጀምራለች፤ ደብዳቤ ሲመጣ ለባለቤቱ መልእክት ይደርሰዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር በየአራት ዓመቱ ለሚቀያየር የተማሪ ኑሮ የተሠራ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ቅርበት። በየግቢው፣ በዓዲ ሓቂም በዓይደርም፣ በላይብረሪ ወይም በሬጅስትራር አካባቢ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚሠራ የፖስታ ወኪል ቢኖር ትራንስክሪፕት የሚልክ ተመራቂ ከተማ ለከተማ አይንከራተትም።

ሦስተኛ፣ ተጠያቂነት። በየመስመሩ በስንት ቀን እንደሚደርስ በቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አደራ ደብዳቤ ሲጠፋ ካሣው ስንት እንደሆነና አቤቱታው የት እንደሚቀርብ በግልጽ ቋንቋ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ገንዘብ። የብዙ አገሮች ፖስታ የቆመው በገንዘብ አገልግሎት ነው። ሞሮኮ ከፖስታ ድርጅቷ ሥር እ.ኤ.አ. በ2010 አል በሪድ ባንክን አቋቁማ ባንክ ያልደረሰበት ሰው ዘንድ ደርሳለች። የእኛም ፖስታ በዚህ መንገድ ከሄደ ከወለድ ነፃ የቁጠባና የሐዋላ አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታሰብ። ባንኮቻችን ከወለድ ነፃ መስኮት የከፈቱት ብዙ ዘመን ከቆዩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ሙስሊም ገንዘቡን ቤቱ አስቀምጦ ነበር። ያ እንዳይደገም ሐሳቡን ቀድሞ ማስገባት ይገባል። የሚጠቀመውም ሙስሊሙ ብቻ አይደለም።

አምስተኛ፣ ከላይ ያነሳሁት የአደጋ ጊዜ ደንብ።

አጠያየቁንም እንጠይቅ። በድረ ገጽ ላይ በአንድ ቋንቋ ረቂቅ ለጥፎ ሁለት ሳምንት መጠበቅ መጠየቅ አይባልም። ትግራይ ላይ በትግርኛ፣ አፋር ላይ በአፋርኛ፣ ማየት ለተሳናቸው በድምፅ ይቅረብ። ፖስታ ቤቱ ራሱ በየቅርንጫፉ ቅጽ አስቀምጦ አስተያየት መሰብሰብ ይችላል፤ ለዚህ ከእሱ የተሻለ መረብ ያለው መሥሪያ ቤት የለም። ከሁሉም በላይ ግን መልስ ይሰጥ። የተባለው ምንድን ነው፣ የትኛው ተቀበለ፣ የትኛው ለምን ቀረ? ሹራ ማለት ሰምቶ ዝም ማለት አይደለም።

የእኛ ድርሻ

ነገሩን ለመንግሥት ብቻ መተውም አያዋጣም። በዚህ አገር ረቂቅ ለአስተያየት ሲወጣ አስተያየት የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ጥቅም ያላቸው ድርጅቶችና ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። ተማሪው ውሳኔው ከወጣ በኋላ ፌስቡክ ላይ ይናደዳል።

ጀመዓችን ሰው አለው። ከሕግ ትምህርት ቤት፣ ከኢኮኖሚክስ፣ ከኮምፒዩተር ሳይንስ፣ ከጂኦግራፊ የተውጣጡ ስድስት ሰባት ልጆች ቢቀመጡ በአንድ ወር ውስጥ ጥሩ ሰነድ ያወጣሉ። መጀመሪያ በአንድ ገጽ መጠይቅ ከተማሪዎች ገጠመኝ ይሰብስቡ። በዚህ ዓመት ስንት ሰነድ ላካችሁ፣ በምን ላካችሁ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ከፈላችሁ፣ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ጥያቄው የሙስሊም ተማሪ ብቻ ስላልሆነ ከተማሪዎች ኅብረትና ከሌሎች የእምነት ወንድሞችና እህቶች ጋር አብሮ መሥራት ያስፈልጋል። ውጤቱን በአማርኛና በትግርኛ ጽፎ ለባለሥልጣኑም ለፖስታ ድርጅቱም መላክ ነው። የምንልከውም በኢሜይል ብቻ አይሁን፤ አንዱን ቅጂ ከመቐለ ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ እንላከው፣ የተላከበትንና የደረሰበትን ቀንም እንመዝግብ። የመጀመሪያው ማስረጃችን እሱ ይሆናል።

ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሰው አደራ በሰዓቱ፣ ሳይጎድል፣ ለባለቤቱ እንዲደርስ ማድረግ ከዲናችን ሥነ ምግባር አንዱ ነው፤ ይህን የሚሠራ ተቋም እንዲስተካከል መጠየቅም ከዚያው ይቆጠራል። መጠይቁን በማዘጋጀት መሳተፍ የምትፈልጉ ለጀመዓው አስተባባሪዎች ስማችሁን ስጡ። አላህ አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።